አህያዋን የማይመታ እንቅፋት እናቴን ለምን ይመታታል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከጎንደር ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ወደ ቁስቋም የሚወጣውን መንገድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዘንድሮ ግን እንቅፋት ቶሎ ቶሎ ይመታታል። በቀደም ጎህ ሳይቀድ ለቅዳሴ ስትወጣ ወድቃ መዳፏ ተላጠ። አብሬያት ስሄድ ‹እማዬ፣ እግርሽን እያየሽ ሂጂ› እላታለሁ፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። የጎረቤታችን አህያ በዚያው መንገድ ጭነት ተሸክማ፣ የኋላ እግሯን ሳታይ፣ ሳትደናቀፍ ትወርዳለች። ደግሞ እናቴ ራሷ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ያን ሁሉ ሰው ማንንም ሳትነካ ነው የምታልፈው። ሰው የማትነካ ሴት ድንጋይ እንዴት ይጥላታል?»

በመጀመሪያ እናትዎን እግዜር ይማርዎት በሉልኝ። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ወድቀው የሚመጡ እናቶችና አባቶች ብዙ አያለሁ፤ ቤተሰባቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚለኝ «አርጅታለች፣ ምን ይደረግ» ነው። እርስዎ ግን እናትዎን ከአህያዋም ከገበያው ሰውም ጋር አስተያይተው ጠየቁኝ። እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይለኛል፤ መልሱ ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነውና።

ዋናውን ላስቀድም። ድንጋይ የሚታለፈው ድንጋዩ ጋ ሲደረስ ሳይሆን ሁለት እርምጃ ቀድሞ ነው። ዓይን ድርሻውን መጨረስ ያለበት እግሩ ከመሬት ከመነሳቱ በፊት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚሠሩት ትውስታና ጡንቻ ናቸው። «እግርሽን እያየሽ ሂጂ» ያልጠቀማቸው ለዚህ ነው። እግራቸውን በሚያዩበት ሰዓት ውሳኔው አልፏል፤ የሚቀጥለውን ድንጋይ ደግሞ አላዩትም።

ይህን ቤትዎ ውስጥ ማየት ይችላሉ። ግቢው መሃል የጫማ ካርቶን ያስቀምጡ። አንድ ልጅ ከራቅ ካለ ቦታ መጥቶ ተራምዶት እንዲያልፍ ይንገሩት። ምን እንደሚያዩ አይንገሩት፤ ዓይኑን ብቻ ይከታተሉ። ወደ ካርቶኑ ሲቃረብ ያየዋል። እግሩን አንስቶ በላዩ ሲያሳልፍ ግን ዓይኑ እዚያ የለም፤ ወደ ፊት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1997 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፓትላና ቪከርስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ይህንኑ የዓይን አቅጣጫ በሚከታተል መሣሪያ አይተውታል። ሰዎቹ መሰናክሉን የሚያዩት ሲጠጉት ነበር፤ ሲሻገሩት ዓይናቸው ቀድሟቸው ነበር።

በ2018 ደግሞ ማቲስና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ከቤተ ሙከራ አውጥተው እውነተኛ ድንጋያማ መንገድ ላይ አስኬዷቸው። ሜዳ ላይ ሰው ዓይኑን እንደፈለገ ያንከራትታል። መንገዱ ሲከፋ ግን ዓይን ወደ መሬት ይወርዳል፤ የሚያርፈውም ሰውየው ከ1.5 ሰከንድ ገደማ በኋላ በሚረግጠው ቦታ ላይ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ማለት ነው። እግራቸው ሥር የሚያዩ ሰዎች አልነበሩም።

ለምን ይህን ያህል መቅደም አስፈለገ? እግር ከመሬት ተነስቶ ተመልሶ እስኪያርፍ ያለው ጊዜ 0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። እግሩ አየር ላይ እያለ ጥቂት ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ግን አይቻልም። ሰውነታችን በአብዛኛው የሚሄደው ተመጥኖ እንደ ተወረወረ ነገር ነው። ክብደታችንን ወደ ፊት የምንገፋው የቆመው እግር ከመልቀቁ በፊት ነው፤ ወዴት እንደምናርፍ ያኔ ካላወቅን በኋላ ማወቃችን ብዙ አይረዳም።

አሁን ወደ አንድ ነገር ጠጋ ብለው ይዩልኝ። ሜዳ ላይ ስንራመድ የእግራችን ጫፍ ወደ ፊት ሲወዛወዝ ከመሬት የሚርቀው ስንት ይመስልዎታል? ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ያውም እግሩ በጣም በሚፈጥንበት ቅጽበት። ጤነኛ ወጣትም እንዲሁ ነው። ሰውነት ጉልበቱን ይቆጥባል፤ ካላስፈለገው እግሩን ከፍ አያደርግም። ያየነውን መሰናክል ስንሻገር ግን የእግራችን ጫፍ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ትልቁ ድንጋይ እናትዎን አይጥልም። ያዩታል፤ እግር ይነሳለታል። የሚጥለው ከአጠገቡ ካለው ድንጋይ ጥቂት ብቻ ብቅ ያለው የኮብልስቶን ጠርዝ ነው። ግማሽ ሳንቲ ሜትር እግራቸው ዝቅ ብሎ ቢሆን፣ ያ ጠርዝ ትናንት ያልነበረ ያህል አዲስ እንቅፋት ይሆናል። ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት መንገድ አልተለወጠም። የተለወጠው ያቺ ትንሽ ክፍተት ናት።

ወደ አህያዋ ልምጣ፤ እኔም የምወደው ክፍል ይኸኛው ነው።

አራት እግር ያለው እንስሳ የፊት እግሩን የሚያሳርፍበትን ቦታ አይቶ ይመርጣል። የኋላ እግሩ እዚያ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ግን ድንጋዩ ከሆዱ ሥር ነው፤ ዓይኑ ደግሞ ሌላ ነገር እያየ ነው። ታዲያ የኋላ እግር በምን ያውቃል? በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማክቪና ፒርሰን በ2006 ባወጡት ሥራ ይህን በድመት ፈትሸውታል። ድመቷ በፊት እግሮቿ ትንሽ መሰናክል ተሻግራ፣ የኋላ እግሮቿ ገና ሳይሻገሩ፣ ምግብ ቀርቦላት ትቆማለች። እየበላች ሳለ መሰናክሉ ሳታየው ወደ ታች ይወርዳል። አሁን መሬቱ ባዶ ነው። ምግቡን ወደ ፊት ራቅ ሲያደርጉላትና መሄድ ስትጀምር የኋላ እግሮቿን ከፍ አድርጋ፣ የሌለውን መሰናክል ተሻገረች። ትውስታው 10 ደቂቃ ቆይታም አልጠፋም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ድመቷ መሰናክሉን አይታ፣ ነገር ግን የፊት እግሯን ሳታሻግር ብትቆም ትውስታው በሰከንዶች ውስጥ ይደበዝዛል። ማየት ብቻውን አልበቃም። ትውስታው የሚጸናው የፊት እግር ሲሻገር ነው። ፓሪየታል በሚባለው የአንጎል የላይኛው ኋለኛ ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ድመቶች ደግሞ ይህን ትውስታ ይዘው መቆየት ያቅታቸዋል። የአህያ የቅርብ ዘመድ በሆነው በፈረስ ላይም የኋላ እግር በትውስታ እየተመራ መሰናክል እንደሚሻገር ታይቷል።

በክረምት ጭቃ ላይ የአህያዋን ኮቴ ይመልከቱ። የኋላ ኮቴ በፊተኛው ኮቴ ላይ ወይም እሱን ታክኮ ያርፋል። የፊት እግር ፈትሾ ያጸደቀውን ቦታ የኋላው ይወርሰዋል። ስለዚህ አራት እግር ቢኖራትም የምትመርጠው ለሁለት ብቻ ነው። በዚያ ላይ በዝግታ ስትሄድ በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት እግሮቿ መሬት ላይ ናቸው። እኛ ግን ስንራመድ ከጊዜያችን 80 በመቶውን የምናሳልፈው በአንድ እግር ቆመን ነው። እናትዎንና አህያዋን ሲያወዳድሩ ይህን አይርሱ። እናትዎ የሚሠሩት ከአህያዋ የከበደ ሥራ ነው።

ስለ አህያዋ አንድ ነገር ልጨምር። ቦይ ወይም ጉድጓድ ያለበት ቦታ ስትደርስ ቆም ብላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት ስታቀና አይተው ይሆናል። ሰዉ ያኔ «ይቺ ደረቅ!» ብሎ በዱላ ይላታል። ደረቅ ሆና አይደለም። ዓይኖቿ በራሷ ግራና ቀኝ ስላሉ ዙሪያዋን በሰፊው ታያለች፤ አፍንጫዋ ሥር ያለውን መሬት ለማየት ግን ራሷን ማንቀሳቀስ አለባት። ገመዱን ወደ ላይ ወጥረው ሲጎትቷት ያንን ይከለክሏታል። ሁለት ሰከንድ ቢታገሷት መንገዷን መርጣ ትሻገራለች። ጎረቤትዎን በዚህ ጉዳይ ቢያናግሩልኝ ደስ ይለኛል።

እኛ ሰዎችም የኋላ እግር አለን። ደፍ ስንሻገር መጀመሪያ የሚነሳው እግር ቀዳሚ ነው፤ የሚከተለው ግን ልክ እንደ አህያዋ የኋላ እግር በትውስታ ነው የሚሻገረው። በቤተ ሙከራ ሰዎች መሰናክል ሲነኩም በብዛት የሚነኩት በተከታዩ እግር ነው። ስለዚህ እናትዎን እንቅፋት ሲመታቸው የቀደመው እግር ነው የተከተለው? ልብ ብለው ይዩልኝ። ቀዳሚው ከሆነ የዓይን ነገር ያጠራጥረኛል። ተከታዩ ከሆነ ወደ ትኩረት፣ ወደ ዳሌና ጉልበት አቅም አዘነብላለሁ። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ከየት እንደምጀምር ግን ይነግረኛል።

ሌላም የምጠይቀው አለ። የአገራችን ሽማግሌዎች እንቅፋት የመታውን ሰው «የቀኝ ነው የግራ?» ይሉታል፤ ገዱን ለመለየት። እኔም እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ አንዱ እግር ብቻ ከሆነ የእግሩን ጫፍ ወደ ላይ የሚያነሳው የቅልጥም ፊት ጡንቻ ደክሞ ይሆናል፤ ወይም ለእሱ ትእዛዝ የሚያደርሰው ነርቭ ተጎድቶ ይሆናል። እግሩ ያንን 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። ሁለቱም እግር እየተፈራረቀ ከሆነ ደግሞ ዓይንን፣ ሚዛንን፣ የሁለቱንም እግር ስሜት እናያለን። ስኳር ያለባቸው ሰዎች መዳፈ እግራቸው ይደነዝዛል፤ «ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል» ይሉኛል። እናትዎ ስኳር ተለክተው የማያውቁ ከሆነ ይለኩ።

መደናቀፍ መውደቅ ማለት እንዳልሆነም ይወቁ። እግር አየር ላይ እያለ ነገር ሲነካው ከሰከንድ አንድ አስረኛ ባነሰ ጊዜ ጡንቻው ምላሽ መስጠት ይጀምራል። ከመንገድ ዳር ያለው ሰው «እኔን!» ሳይል በፊት እግሩ ራሱን ማረም ጀምሯል። እግሩ ገና ሲነሳ ከተመታ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ድንጋዩን ይሻገራል። ሊያርፍ ሲል ከተመታ ደግሞ ቶሎ መሬት ይረግጥና ሌላኛው እግር ይሻገራል። ከዚህ ሥራ ከፊሉን የሚያከናውነው ህብለ ሰረሰር ነው። በ1970ዎቹ በስዊድን ፎርስበርግ የተባለ ተመራማሪ ህብለ ሰረሰራቸው ከአንጎል የተለያየ ድመቶች እንኳ እግራቸው ሲነካ ከፍ አድርገው እንደሚያሻግሩ አሳይቷል። እናትዎም ይህ ምላሽ አላቸው። በዕድሜ የሚጎድለው በአብዛኛው ኃይሉ ነው። ሰውነት ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚያቆመው የቆመው እግር ግፊት ነው፤ ያ ጡንቻ ከሳሳ ምላሹ ቢመጣም አይበቃም። ኃይል ደግሞ በ68 ዓመትም ይመለሳል። ይህን የምለው ሰውን ለማጽናናት አይደለም፤ በእጄ ላይ የማየው ነገር ስለሆነ ነው።

ገበያውስ? ቅዳሜ ገበያ ውስጥ እናትዎ ሰው የማይነኩት ሥራውን ብቻቸውን ስለማይሠሩት ነው። የሚመጣው ሰውም ያያቸዋል፤ ትከሻውን ያዞራል፣ ይቆማል፣ ያልፋል። ድንጋይ ይህን አያደርግላቸውም። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ በዓይን ዳር ሳይፈለግ ይታያል፤ የቆመ ጠርዝ ግን ካልፈለጉት ያመልጣል። ሰው በሰው መሃል ሲያልፍ የሚመዝነው በዋናነት ርቀቱን ሳይሆን «ለመጋጨት ስንት ጊዜ ቀረን» የሚለውን እንደሆነ ካራሙዛስና ባልደረቦቹ በ2014 የብዙ ሰዎችን አካሄድ መርምረው አሳይተዋል። ጎን ለጎን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ይሄዳሉ፤ ፊት ለፊት የሚመጡ ግን ከሩቅ ነው መላቀቅ የሚጀምሩት። ጠባብ መተላለፊያ ሲያጋጥም ደግሞ ክፍተቱ ከትከሻችን ስፋት 1.3 እጥፍ ካነሰ ሰውነታችንን ወደ ጎን እናዞራለን። ይህን ዋረንና ዋንግ በ1987 ለክተውታል። በርበሬና ሽሮ በተዘረጋበት መሃል እናትዎ ነጠላቸውን ሰብስበው በጎን ሲያልፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማንም አላስተማራቸውም፤ አሁንም አልጠፋቸውም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። አካባቢያቸውን መቃኘትና ፍጥነት መገመት በደንብ ይሠራል ማለት ነው፤ ችግሩ ወደ ዓይን የታችኛው እይታና ወደ እግር ጠበብ ይልልናል።

ዓይን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጎንደር አድባራት ዙሪያ ዐይነ ስውር የኔታዎች ዘንጋቸውን እየጣሉ ግድግዳ ሳይነኩ ሲታጠፉ ያየ ሰው ይገረማል። ዱሮ ፊታቸው ላይ በሚሰማ ስሜት ነው ይባል ነበር። በ1944 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ግን ጆሮ መሆኑን አረጋገጠ። ጆሯቸው ሲደፈን ግድግዳውን ገጩት። የእግራቸውና የዘንጋቸው ድምፅ ከግድግዳው ሲመለስ ይሰሙታል። ዘንጉ ደግሞ አንድ እርምጃ ቀድሞ መሬቱን ይነካል። ዓይን ባይኖርም ሕጉ ያው ነው፤ መረጃ ከእግር መቅደም አለበት።

እንግዲህ እናትዎ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ ዓይናቸውን ይታዩ። የዓይን ሞራ በአገራችን ለዐይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ነው፤ ሰው ሳያውቀው ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያ የሚጠፋው የጠርዝ ልዩነት ነው። ግራጫ ድንጋይ በግራጫ መንገድ ላይ መለየት ያቅታል፤ ፊት ግን ይታወቃል። ስለዚህ «ዓይኔ ደህና ነው» ይላሉ፤ አይዋሹም። የመጀመሪያው ዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ መውደቅ በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ በ2005 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። እናትዎ ከታች ለንባብ፣ ከላይ ለሩቅ የሆነ ባለ ሁለት ሌንስ መነጽር ካደረጉ ደግሞ ለመንገድ አይሆንም። መሬቱን የሚያዩት በታችኛው የንባብ ሌንስ ነው፤ እርምጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ይደበዝዝባቸዋል። ለመንገድ የሩቅ ብቻ የሆነ መነጽር ይጠይቁ።

ጎህ ሳይቀድ የሚወጡት ነገር ያሳስበኛል። የ60 ዓመት ሰው የዓይን መረብ (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ክፍል) ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ለእርስዎ የነጋ መስሎ የሚታይዎት ሰዓት ለእሳቸው ሌሊት ነው። ቅዳሴውን ቅሩ አልልም፤ ማለትም አይገባኝም። ባትሪ ይያዙ። ባትሪውን ግን እግራቸው ላይ አያብሩት፤ ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ያብሩት። እርስዎ አብረው ከሄዱም ከኋላ ሆነው አያብሩ፤ የእሳቸው ጥላ መንገዱን ይሸፍነዋል። ከጎን ሆነው ያብሩላቸው።

«እግርሽን እይ» የሚለውን «ፊት ፊቱን እይ» በሚል ይተኩት። አንገት ደፍቶ እግር ሥር ማየት አንድ ተጨማሪ ጉዳት አለው፤ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትንሿ መደናቀፍም ወደ መውደቅ ትቀርባለች። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ሁኔታ አለ። መውደቅ የሚፈሩ አረጋውያን ከባድ ቦታ ላይ ሲደርሱ የቀጣዩ እርምጃ ስጋት ይዟቸው የአሁኑን ሳይጨርሱ ዓይናቸውን ይነቅላሉ። ቻፕማንና ሆላንድስ በ2006 እንዳዩት የመውደቅ አደጋቸው ከፍ ያለ አረጋውያን እግራቸው ሳያርፍ በፊት ዓይናቸውን ከማረፊያው ያነሳሉ፤ እግራቸውም ያሰበበት ቦታ አያርፍም። ስለዚህ በደህናው መንገድ ላይ ዓይን ሁለት ሦስት እርምጃ ፊት ይሁን። ደረጃ፣ የቦይ ክዳን፣ የሚንቀሳቀስ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ግን ይቁሙ፤ ቦታውን ይምረጡ፤ ተረከዛቸው እስኪያርፍ ዓይናቸውን አይንቀሉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። አረጋውያን ይህን በአጭር ጊዜ ሲማሩት አያለሁ። ፍርሃቱም ይቀንሳል፤ የሚያደርጉትን ነገር አግኝተዋልና።

በመጥፎው መንገድ ላይ ደግሞ ወሬ አያውሯቸው። በስዊድን በ1997 የወጣ ጥናት ላይ በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ ሰዎችን እያስኬዱ ወሬ ጀመሩላቸው። ለመመለስ ሲሉ እርምጃቸውን ካቆሙት አብዛኞቹ በሚቀጥሉት 6 ወራት ውስጥ ወደቁ። መራመዱ ሐሳባቸውን ሁሉ እየወሰደው ነበር። እናትዎ ሲናገሩ ይቆማሉ? ይህንንም ይዩልኝ። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኙ ቆመው ይሳሙ፣ የቤተሰቡን ደህንነት ይጠይቁ፣ ጨርሰው ይሂዱ። እየተራመዱ ዞር ብለው «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለቱ ነው የሚጥለው።

ለጉልበት በርጩማ ይበቃል። ግድግዳ ጥግ በተቀመጠ በርጩማ ላይ እጃቸውን ሳይደገፉ ተነስተው ይቀመጡ፤ 10 ጊዜ። ግድግዳ ይዘው በእግር ጣታቸው ይቁሙ፤ ቀጥለው በተረከዛቸው ቆመው የእግራቸውን ጫፍ ወደ ላይ ያንሱ። ያቺን 2 ሳንቲ ሜትር የሚሠራት ጡንቻ በዚህ ነው የሚጠነክረው። ከዚያ አንድ እግር አንስተው ለጥቂት ሰከንድ ይቁሙ፤ እርስዎ አጠገባቸው ሆነው። ጠዋትና ማታ ቢሆን ጥሩ ነው። የሚዛንና የጉልበት እንቅስቃሴ በአረጋውያን ላይ የመውደቅን መጠን 23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በ2019 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አረጋግጧል። ትርፉ ግን ለሚቀጥሉት ነው፤ ሳምንት ሠርቶ መተው አይጠቅምም።

ምርኩዝ ከያዙ ከሚደክማቸው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ይያዙት። ቀሚሳቸው መሬት የሚጠርግ ከሆነ ያሳጥሩላቸው። ነጠላ ጫማ ለቤት ውስጥም አልወደውም፤ ለዳገት ፈጽሞ አይሆንም። ተረከዙ የተዘጋ፣ ሶሉ ቀጭንና ጠንካራ የሆነ ጫማ መሬቱን ያሳውቃቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነና ብድግ ሲሉ የሚያዞራቸው ከሆነ፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ ለሐኪማቸው ይንገሩት፤ መድኃኒቱን በራሳቸው አያቋርጡ።

የማይቆይ ነገርም አለ። አንድ እግር በድንገት መጎተት ከጀመረ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ከመውደቃቸው በፊት ራሳቸውን ስተው ከነበረም ነገሩ የእንቅፋት አይደለም፤ ልባቸው መታየት አለበት።

ለምርመራ ሲሄዱ የሚያዘወትሩትን ጫማ ይዘው ይሂዱ። የሶሉ ጫፍ የት ጋ እንደተበላ አይተን የትኛው እግር እንደሚጎተት መገመት እንችላለን። የግራውንም የቀኙንም ጫማ ያምጡ፤ የምናየው ልዩነታቸውን ነው። አዲስ ገዝተውላቸው ከሆነም አሮጌውን አይጣሉት።